በድንጋይ ውስጥ ያለፈ ድምፅ

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና ብዙም አልቆየም። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ ሰው በገባ ቁጥር፣ ሊያስጠግን ነው ወይስ ሊሰልለኝ እያልኩ፣ ከያዘው ሬዲዮ ይልቅ ዓይን ዓይኑን ነበር የማየው። የሚስቴን ወንድም እንኳ ዓመት ሙሉ ጠርጥሬዋለሁ፤ ምስኪኑ የሚመጣው ምሳ ፍለጋ ነበር።

ቀበሌ ባስሞላን ቅጽ ላይ የምንችላቸውን ቋንቋዎች የሚጠይቅ መስመር ነበረ። “አማርኛ ብቻ” ብዬ ጻፍኩ። ውሸቴን ነው። ያደግኩት ከግመል ወተት ሻጮች ልጆች ጋር ስለሆነ ሶማልኛ እንደ ልቤ ነው የምናገረው። ግን በዚያ ሰሞን ሬዲዮ ሠሪም ሶማልኛ ተናጋሪም መሆን፣ በገዛ እጅ አንገትን ገመድ ውስጥ ማስገባት መሰለኝ።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታ ሥር ድንጋይ የሚያስቆፍር ኃላፊ አስጠራኝ። የሚቆፍሩት ዋሻ ረዝሟል። ወደ ውስጥ የዘረጉትን የስልክ ሽቦ ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ይበጥሰዋል፤ የእጅ ሬዲዮውም ዋሻው ከታጠፈ በኋላ ጭጭ ይላል። ውስጥ አደጋ ቢደርስ ደጅ ያለው የሚያውቀው ሰው ሮጦ ሲወጣ ብቻ ነው። “እስቲ አቦ፣ አንድ መላ ፈልግልን” አለኝ። ስንት ጠጋኝ እያለ ለምን እኔን? ነገሩ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ።

መላው ግን ቀላል ነበር። ኮረብታው አናት ላይ፣ ከቆፋሪዎቹ በላይ፣ ሽቦ በሰፊው ክብ አድርጌ መሬት ላይ አነጠፍኩ። ዋሻው ውስጥም እንደዚያው። ሁለቱንም ክቦች ለየብቻ ከመናገሪያና ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘኋቸው። ታች የተናገሩት በመሐል ያለውን ድንጋይ ሁሉ አልፎ፣ ያለ አንድ ማያያዣ ሽቦ፣ ላይ ይሰማል፤ የላዩም ታች። የመጀመሪያውን “ሰላም ነው” ስሰማ እንደ ልጅ ዘለልኩ።

በማግስቱ ኮረብታው አናት ላይ ሆኜ ሳዳምጥ፣ ክላሽ ያነገተ የአብዮት ጠባቂ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ኮረብታ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ታይቷል፤ ወሬው ቀበሌ ደርሷል።

“በዚህ መሣሪያ ከአማርኛ ሌላ እንዳይነገር። ሶማልኛ ትችላለህ?”

“አልችልም፣ ጓድ።”

“እኔም አልችልም” አለ።

ከታች የሚናገሩት አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። በየሰዓቱ “ሰላም ነው” ይላሉ፣ እኔ “ይሰማል” እላለሁ፣ ጠባቂው ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ረፋድ፣ ሌሎቹ ቆፋሪዎች ዋሻው አፍ ላይ ሻይ ሲጠጡ፣ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። የሽማግሌው ድምፅ ነው። አልጮኹም፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት። “ሉግታይዳ… ሉግታይዳ…” እግሬን፣ እግሬን፤ ድንጋይ ወድቆብኛል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ድረሱልኝ አሉ። ሁሉም በሶማልኛ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ጠባቂው ትክ ብሎ አየኝ። “ምን እያሉ ነው?”

ወጥመድ ነው አልኩ በልቤ። ሽማግሌውም የቀበሌዎቹ ሰው ናቸው፤ ቅጹን አይተው ሊፈትኑኝ ነው።

“እኔ እንጃ” አልኩት።

ሽማግሌው ደገሙት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ እሱም የክላሹን ማንገቻ በጣቱ ይጠቀልላል። በሦስተኛው ድምፃቸው መድከም ጀመረ። አላስቻለኝም።

“ድንጋይ ወድቆባቸዋል!” ብዬ ብድግ አልኩ።

ጠባቂው ከየት አወቅህ አላለኝም። ክላሹን ጥሎ ቁልቁል ይሮጥ ነበር፤ ሻይ የሚጠጡትን ሰዎች እየተጣራ፣ ጥርት ባለ ሶማልኛ።

ሽማግሌው በሕይወት ወጡ። እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቶሎ ቢደረስላቸው ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሙን ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቴም ከበሩ ተመለስኩ። ከጠባቂው ጋር ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም።

ከወራት በኋላ ሽማግሌው በክራንች ሱቄ መጡ። የታመመ ሬዲዮ በብብታቸው ይዘዋል። ወንበር ሰጠኋቸው። ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣

“ወሪያ፣ እኔ ሦስቴ ተናገርኩ። ማሽን አልሰማም?” አሉኝ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

“ድምፁ አልጠራም ነበር፣ አዴር” አልኳቸው፤ አጎቴ እንደ ማለት።

ሬዲዮውን ተቀብዬ ጀርባውን መፍታት ጀመርኩ። እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

“አይዞህ፤ ማሽን ነው፣ ምን ታደርግ” አሉ።

ያ ማሽን አንድም ቃል አልጣለም ነበር።