ደንገጎ ሥር ያልቆመው መኪና

ነገሩ በወር የሦስት መቶ ብር ጉዳይ ነበር። ሐጂ ዑመር የሚባሉ የድሬዳዋ መጋላ ነጋዴ ከባቡር የሚራገፍ ሩዝና ቴምር ሐረር የሚያደርስላቸው መኪና ይፈልጉ ነበር። አባቴ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ሥራውን ካገኘ እኔ ትምህርት ቤት ልገባ ነበር።

ያኔ ተረት የምሰማው ሞተር አጠገብ ነው። ማታ ማታ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ የእሳቱን ሰዓት ያስተካክላል። በሽቦ ያገናኛትን ትንሽ አምፖል እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ ያዞራል፤ ካንዴላው እሳት በሚያገኝበት ቅጽበት አምፖሏ ቦግ ትላለች። «በራች!» ስለው እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር እዚያው ላይ ያጠብቀዋል። በመሃል በቤንዚንና በፋኖስ ጭስ ሽታ ውስጥ፣ ጭነቷ ሳይታሰር ብድግ ስላለችው ግመል ያወራልኛል። ሜዳው ላይ ሌሎቹን ግመሎች ሁሉ ቀድማ አለፈች፤ ዳገቱ ላይ ጭነቱ ተንሸራቶ ጉልበቷን ሰበራት።

«እሳትም ቀድሞ ከተነሳ ሜዳ ላይ ያስሮጣል፤ ዳገት ላይ ሞተር ይበላል» ይለኝ ነበር።

የድሬ ሾፌሮች ይህን እያወቁ ከተማ ውስጥ ለመፍጠን እሳቱን ያስቀድሙና ወደ ሐረር በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት ሥር ቆመው ይመልሱታል።

ሐጂ ሩዝና ቴምር አስጭነው መኪናችንን በሚሞክሩበት ቀን፣ ሥራውን የሚፈልግ ሌላ ሾፌር ሰው መሃል አባቴን ጠርቶ ጮኸ፦ «ዋሪያ አደም! በዚህች መኪና ሐረር እስክትደርስ ቴምሩ ይበቅላል!»

ሁሉም ሳቀ፤ ሐጂም ፈገግ አሉ። አባቴ ኮፈኑን ከፈተና እሳቱን አስቀደመው።

ሜዳው ላይ በረርን። ጋቢና ውስጥ በአባቴና በሐጂ መካከል ተቀምጬ ነበር። ሐጂ «ማሻአላህ! እኔ አሮጌ መስላኝ» አሉ። ደንገጎ ሥር ስንደርስ አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምነው፣ ደከማት እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«ኧረ ወላሂ! ምን ነክቷት?» አለና አባቴ ቤንዚኑን ረገጠው።

«አባ፣ አትመልሰውም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ አንቺ።»

ዳገቱ መሃል ሞተሩ ፈንዲሻ እንደሚቆላበት ብረት ድስት ይንጣጣ ጀመር። ከዚያ ጭስ ሆነ፤ ቆመ። ፒስተኑ ተበስቶ ነበር። ጭነታችንን ያ የቀለደብን ሾፌር መጥቶ ወሰደው። ያን ጊዜ ግን አልሳቀም፤ ከአባቴ ጋር ጆንያውን አንድ በአንድ አዛወሩት።

መኪናው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠ። እኔ በትምህርት ቤት ፋንታ ቀፊራ ገበያ ገባሁ፤ ከሎሚ ወደ ስኳር፣ ከስኳር ወደ ጭነት ተሻገርኩ። አራት መኪና ገዛሁ። ሾፌሮቼ ማንም ጋቢና ውስጥ ቢቀመጥ ደንገጎ ሥር ይቆማሉ፤ በዚህ የተነሳ ያጣኋቸው ችኩል ደንበኞች ጥቂት አይደሉም፤ የተበሳ ፒስተን ግን የለኝም። ስደምረው ሦስት መቶው ብርም መኪናውም በእጥፍ ተመልሰውልኛል። አራቱንም ቁልፎች በየተራ አባቴ ፊት አስቀምጫለሁ። አራቱንም መርቆ መለሰልኝ፤ የአንዱንም መሪ ሳይጨብጥ ሞተ።