ጋሽ እንድሪስ «ዱር!» ያሉ ጊዜ

ጦርነቱ ወልድያ ደጃፍ የደረሰ ዕለት ጠዋት ከተማውን በእግራችን ለቀን ወጣን። እኔ፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ሐያትና ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ። መርሳ፣ አክስቴ ቤት ለመድረስ ነው።

ሲሪንቃን ትንሽ እንዳለፍን ጋሽ እንድሪስ ከኋላዬ ጮኹ።

«ዱር! ዱር!»

ዱር ግቢ ያሉኝ ነው የመሰለኝ... ምን አይተው ይሆን ብዬ እንኳ አልዞርኩም። ልጄን አንጠልጥዬ ከአስፋልቱ ወረድኩና ማሽላው ውስጥ ገባሁ። እንደ እኛ የሚሸሽ መንገደኛ ሁሉ እኔን አይቶ ተከተለኝ። ሃያ የሚሆን ሰው ትንፋሹን ውጦ መሬት ላይ ተኛ።

ተኩስ ጠበቅን... ምንም የለም።

ከዚያ የሐያት ደረት ማፏጨት ጀመረ። አስም አለባት። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ላወጣ ብል ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ የለም። ልፈልገው ልነሳ ስል አጠገቤ የተኛችው ሴት ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። የልጄ ከንፈር እየጠቆረ ነው... ያንን ሰዓት አላህ ለማንም አያሳይ።

ማሽላው ተንኮሻኮሸ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ እያለከለኩ፣ ቦርሳዬን ይዘው።

«ልጄ፣ ቁሚ ስልሽ ምነው ሮጥሽ?»

ቦርሳውን ተቀብዬ መድኃኒቱን ለሐያት ሰጠኋት፤ ስባ ትንፋሿ ተመለሰ።

«ዱር ብለውን እኮ ነው ጋሼ» አልኳቸው በመጨረሻ።

ለካ ጋሽ እንድሪስ ሐራ ላይ የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ከቱርኮች ጋር ሠርተዋል። ሥራቸው ወደ ኋላ የሚመጣ ገልባጭ መኪና ማስቆም ነበር። በቱርክኛ ደግሞ «ዱር» ማለት «ቁም» ነው። የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ ሲወድቅ ሲያዩ፣ ደንግጠው ከአፋቸው ያመለጠው እሱ ነው።

«እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አለቃው ዱር ሲለኝ፣ ለሽንት ሂድ ያለኝ መስሎኝ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ሲፈልገኝ ዋለ» አሉ።

ቀሚሴን ይዛኝ የነበረችው ሴት ወልድያ ያገባች የባቲ ልጅ ናት።

«አጂብ ነው» አለች። «በእኛ በኦሮምኛ ዱር ማለት ድሮ ማለት ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ዕንባዬን እየጠረግኩ ሳቅኩ። ከዚያ ልብሳችንን አራግፈን መንገዳችንን ቀጠልን። አመሻሽ ላይ መርሳ ገባን።

እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል... በቱርክኛ ቁሙ ተብለን በአማርኛ ሮጥን።