የቀዩ ሣጥን ፍንካች

ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት፣ የአንዲት ጃፓናዊት አዛውንት አስታማሚ ናቸው። አንድ ቀን አዛውንቷ አበባ በተቀረጸበት ቀይ ሣጥን ጣፋጭ ሰጧቸው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ እትዬም ሣጥኑን በፈላ ውሃ አጥበው ማሞቂያው ላይ አደረቁት። ቆሎ ሊሞሉበት ሲያነሡት ከክዳኑ ጠርዝ አንዲት ፍንካች ወደቀች።

«ነገ በምን ዐይኔ ላያቸው ነው?» አሉኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተው አምነውኛል።»

«አይጨነቁ። እንጨት ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በጥፍር ቀለም ነካ ነካ እናደርገዋለን።»

ቀለሙን አመጡ። እኔ ግን ሳልመረምር መጀመር አልወድም፤ ተማሪዎቼን ሳስተምር የምጠቀምበትን አጉሊ መነጽር አነሣሁ። የተሰበረው ቦታ ላይ እንጨት የለም። ከወረቀት የሳሱ ንብርብሮች ናቸው፤ ቀይ፣ ቀይ፣ አንዲት ጥቁር፣ እንደገና ቀይ። እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ጠፋብኝ።

ስልኬ ላይ ፈልጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዛፍ የሚቀዳ ሙጫ ነው። በስሱ ይቀባል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ በላዩ ይደገማል፤ እንዲህ እያለ ወራት ይፈጃል። ቢላዋ የሚገባው ከወፈረ በኋላ ነው። ስለዚህ አበባው የተቀረጸው ሙጫው ላይ ነው። ጥቁሯ መስመር ቢላዋው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ለቀራጩ ታሳየዋለች። ከሁሉ የገረመኝ፣ ሙጫው የሚጠነክረው በእርጥብ አየር ነው፤ ደረቅ ሙቀት ግን ይሰነጥቀዋል።

«ሶ፣ የጎዳው ማሞቂያው ነዋ?» አሉ እትዬ።

«ሳይሆን አይቀርም።»

«ቅድም እንጨት ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ለተማሪዎችህም እንዲህ ነው የምታስተምረው?» ብለው የጥፍር ቀለሙን ከደኑት።

በማግስቱ ቆሎውን ሣጥኑ ውስጥ ሞሉና አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ ውሃውንም ማሞቂያውንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አዛውንቷ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ቀለም ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

«ፍንካቿስ?»

እትዬ በሶፍት የጠቀለሏትን ከቦርሳቸው አወጡ።

«በዚያው ሙጫ ትመለሳለች» አሉ አዛውንቷ። «ሌላ ቀለም ቢኖርበት ጠጋኙ ሲፍቀው ቅርጹም አብሮ ይሄድ ነበር።»

ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ካለው ቆሎ አንዷን ቆረጠሙ። «ለጥርሴ ግን ጠጋኝ የለኝም» አሉና፣ የመድኃኒታቸው ሰዓት ስለነበረ መዳፋቸውን ወደ እትዬ ዘረጉ።