ማስኩ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

በሽተኛ ጠያቂ ያናድደኛል። አሰላ ውስጥ ሰው ታመመ ከተባለ ቤቱ ይሞላል፤ አንዱ መስኮት ይዘጋል፣ ሌላው ጋቢ ይደርባል፣ ሁሉም ሐኪም ይሆናል።

አባቴ ሲተኛ ትንፋሹ ስለሚቋረጥ በማስክ አየር የሚገፋለት ማሽን አለው። አስሙም ሲብስበት ነርሷ ትንሽ የመድኃኒት ኩባያ በቱቦውና በማስኩ መሃል መግጠም አስተማረችኝ፤ ፈሳሹ ጉም ሆኖ ከአየሩ ጋር ይገባለታል። ማስኩ ፊት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን ማንም እንዳይነካቸው አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች። የተነፈሰው አየር የሚወጣው በእነሱ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ማስኩን አጠለቅሁለት፣ መድኃኒቱን ከፈትኩ። ከዲክሲስ ልትጠይቀው የመጣችውን ታላቅ እህቱን አጠገቡ አስቀምጬ ሻይ ልጥድ ወጣሁ።

ስመለስ አባቴን ላብ አጥምቆታል፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። አክስቴ ቀዳዳዎቹን በሙሉ በፕላስተር ለጥፋቸዋለች።

ማስኩን መንጭቄ አወለቅሁት።

«ምን አደረጉ፣ እትዬ?»

«መድኃኒቱ እኮ እየተነነ አለቀ። ደግሞ በዚያ ብርድ ይገባዋል» አለች፣ የፕላስተሩን ጥቅልል እንደያዘች።

ደሜ ፈላ። በታላቅ ላይ ድምፅ ከፍ አይደረግም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ግን ጮህኩባት። ሊገድሉት ነበር አልኳት። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ሳሎን ወጣች።

አባቴ ትንፋሹ ሲመለስለት መጀመሪያ ያለው «ሻይ ሰጠሻት?» ነው።

«እጅህ አልታሰረም። ለምን አላወለቅከውም?»

«ከዲክሲስ ድረስ መጥታ፣ በእጇ የለጠፈችውን፣ እዚያው ፊቷ ላይ?» አለኝ። «አሁን ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት።»

ይሄኔ ንዴቴ ከአክስቴ ወደ እሱ ዞረ። እሷስ አላወቀችም። እሱ እያወቀ፣ አየር እያጠረው፣ እህቱን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ተኝቶላታል። እኛስ? እኔስ? ይሉኝታው ውስጥ ለእኔ የተረፈ ቦታ የለም።

ሻዩን ይዤ ሳሎን ገባሁ። አክስቴ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ደስ ያለው መስሎኝ ነበር እኮ» አለች። «ለጥፌ ስጨርስ እጄን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። እያመሰገነኝ መስሎኝ እኔም ጨበጥኩት።»

ብርጭቆውን ፊቷ አስቀመጥኩ። ይቅርታውን ግን አልጠየቅሁም። አየር ያጠረው ሰው እንዴት አጥብቆ እንደሚጨብጥ አውቃለሁ።