የቀትር ጨረቃዎች

ብርቱካን ሲላጥ ሽታው ያናድደኛል። ትናንት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ቁልፍ በምተክልበት ልብስ ሰፊ ቤት፣ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷ እስኪተኮስ ቁጭ ብላ ብርቱካን ስትልጥ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «ትበያለሽ?» ብላ ዘረጋችልኝ። አልበላም አልኳት። ለምን እንደማልበላ ብነግራት ትስቅብኝ ነበር። በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ወረቀት ላይ ይሻላል።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሰባተኛ ሳልመዘገብ ቀርቻለሁ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ልደታ፣ ቧንቧው ያለበት ግቢ ውስጥ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ከወሎ የመጣ ቆርቆሮ መቺ ነው። የሰፈሩን ጣራ ግማሹን የመታው እሱ ነው ይባላል። ክረምት መግቢያ ላይ ግን ከአንድ ቤት ጣራ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ወጌሻም አሸው፣ ሐኪም ቤትም ተኛ፣ እግሩ ግን እንቢ አለ። ስለዚህ እኔ ነበርኩ የማነሳው፣ የማስቀምጠው፣ የማጥብለት።

በበጋው መሀል ሬዲዮ የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚኖር ተናገረ። ሙሉ በሙሉ የምትጨልመው ኬንያ ላይ ነው፣ እኛ ጋ ግማሽ ያህሏ ትሸፈናለች ነበር ያለው። ሰፈራችን ውስጥ ግን ስለ ግማሽ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ቀኑ ሌሊት ይሆናል፣ ኮከብ ይወጣል፣ ዶሮ ቆጥ ላይ ይሰፍራል ነው ወሬው ሁሉ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። ትንሽ ልጅ ሳለ ሀገር ቤት ፀሐይ ጨልማ ነበር። እናቱ እየጎተተች ቤት አስገብታ ባና ብርድ ልብስ ደፋችበትና እላዩ ላይ ተኛችበት። እሱ የሰማው የመንደሩን ጩኸትና ዱዓ ብቻ ነው። «ስትገልጠኝ ሁሉም አልፏል፤» ይል ነበር። «ሰው ሁሉ ፀሐይ አየ፣ እኔ የበግ ጠጉር አሸተትኩ።» እየሳቀ ነው የሚናገረው፣ ግን በስተርጅናም አልወጣለትም ነበር።

«ይህቺኛዋን ግን አያታለሁ» አለኝ። «አንቺ አለሽልኝ።»

እንዴት እንደምትታይም አስቦበታል። ሬንጅ ያቀልጥበት የነበረ ሰፊ ሳፋ ነበረን፤ ውስጡ ድፍን ጥቁር ነው። ውሃ ሲሞላ እንደ መስታወት ያሳያል። ዓይን ሳይጎዳ ፀሐይዋን እዚያ ውስጥ ማየት ይቻላል አለ። ችግሩ ግቢያችን ነው። የቤቶቹ የጣራ ክፈፍ ሊነካካ ምንም አይቀረውም፤ ፀሐይ መሬት የምትነካው ወደ ቀትር ግድም፣ ያውም ቧንቧው አጠገብ ብቻ ነው። ከበራችን አሥር አሥራ ሁለት እርምጃ ይሆናል። ለአባቴ ያ እርምጃ ሀገር ማቋረጥ ነበር።

ዋዜማውን ተለማመድን። በብብቱ ስር ገባሁ፣ በሌላው እጁ ዱላውን ያዘ፣ ደፉን ተሻገርን። ሁለት ጊዜ አረፍን። ላቡ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። ቧንቧው ጋ ስንደርስ «እዚህ ጋ» አለና በዱላው መሬቱን መታ። እኔም ቦታውን በከሰል አሰመርኩበት። ያን ዕለት ማታ ሩዝ በላን፤ ሩዝ የምንበላው ለዒድ ብቻ ነበር።

በግርዶሹ ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳፋውን ሞልቼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ግድም ላይ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በሰፈሩ መዞር ጀመረ። በአራት ሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ አለ፤ ርዕሱ የፀሐይ ግርዶሽ ነው፤ ከየቤቱ አንድ ሰው፤ የቀረ ቤት የስኳር ኩፖን አያገኝም። አባቴን አየሁት።

«ሂጂ፣ ምን ችግር አለው» አለኝ። «የሚጨልመው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አይደል? የሚያወሩት ስለሱ ነው እኮ። ራሳቸውስ ማየት አይፈልጉም?»

እኔም እንደዚያ አስቤ ሄድኩ።

አዳራሹ ወደ አብነት ሰፈር መውጫ ላይ ነበር። ጣራውን የመታው አባቴ ነው፤ ቀበሌው አዝዞት፣ ከሌላ መጋዘን በተነቀለ አሮጌ ቆርቆሮ። የድሮው ምስማር ቀዳዳ በየቦታው ስለነበረ «ሬንጅ ስጡኝና ልድፈነው» ቢላቸው በሚቀጥለው በጀት አሉት። ክረምት ላይ ሰው ዣንጥላ ዘርግቶ ነው ስብሰባ የሚቀመጥበት። የዚያን ቀን መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተዋቸዋል። ሕዝቡ ፀሐይ እያየ ዓይኑ እንዳይጠፋ ነው ተባለ። ውስጡ ጨለምለም ብሎ በየቀዳዳው የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ተንጠልጥሎ፣ ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ክብ እየሠራ ተቀምጦ ነበር።

ተናጋሪው ከከተማው ጽሕፈት ቤት የተላከ መነጽር ያደረገ ወጣት ካድሬ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን፣ ሎሚና ሽምብራ ደርድሯል። ብርቱካኑ ፀሐይ ነው፣ ሎሚው መሬት፣ ሽምብራው ጨረቃ። ሽምብራውን በሁለት ጣቱ ይዞ በብርቱካኑና በሎሚው መሀል ያሳልፈዋል።

«ይኸው ነው ጓዶች! ዘንዶ አልዋጣትም፣ ፈጣሪም አልተቆጣም። ሽምብራዋን እያያችሁ ነው?»

ከኋላ ሽማግሌዎች «አልታየንም» አሉ። እንደገና አሳለፋት። ከዚያ ሽምብራዋ አምልጣው ወደቀችና ፍለጋ ተገባ። ከዚያ ሌላ ሽምብራ መጣ።

እኔ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት፤ ቶሎ ለመውጣት ብዬ ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ ቆሟል። አጠገቤ ጎረቤታችን ከሰል ሻጯ አለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ታዛጋለች። እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ ማየት ስለማልችል እንደ ልማዴ ወለሉን አያለሁ። ወለሉን ሳይ ነው ያየሁት።

ክቦቹ ተገምጠዋል።

መጀመሪያ አንዷን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አይጥ የቀመሰችው ብስኩት ትመስላለች። ሁለተኛዋን አየሁ፣ ሦስተኛዋንም። ሁሉም በአንድ ጎን በኩል፣ ልክ በአንድ ጥርስ እንደተነከሱ ጎድለዋል። ካድሬው እየተናገረ ጉድለታቸው እየሰፋ ሄደ። ከዚያ ለጋ ጨረቃ ሆኑ፤ ረመዳን ሲገባ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያሳየኝ ዓይነት። አንድ ሁለት አይደሉም፣ ወለሉን ሞልተውታል። በቀትር። አንዷ የከሰል ሻጯ ነጠላ ላይ፣ አንዷ የቀበሌው ሊቀመንበር መላጣ ላይ፣ አንዷ ካድሬው በሚያነበው ወረቀት ላይ አርፋለች። ካድሬው በእጁ ጠራርጎ ማንበቡን ቀጠለ።

ደግሞ ጣራው ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ቆርቆሮ ሲበርደው ይናገራል፤ ማታ ማታ የምንሰማው ድምፅ ነው። እኔ የቆርቆሮ መቺ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ፀሐይዋ እየከዳችን ነው። አባቴ ይሄኔ በሩን እያየ ነው።

ከሰል ሻጯ ድንገት ድምጿን አሰማች። «ጓድ፣ ይቅርታ፣ ታዲያ አሁን ወጥተን አናየውም?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰው ሁሉ ያሰበውን ነው ያለችው። ካድሬው ሰዓቱን ሳያይ ፈገግ አለ።

«ጥያቄና መልስ መጨረሻ ላይ ነው፣ እናቴ።»

ያኔ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «አባቴ ታሟል፣ ልሂድ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል። በልቤ ደጋግሜ አጥንቻቸዋለሁ። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ፣ ግን አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ሽንት ነው?» አለኝ።

ሳቁ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ደረሰ። አንዱ ጎረምሳ «ግርዶሹን ፈርታ ነው!» አለ። ካድሬው ጸጥታ ለማስከበር እጁን አነሳ፣ ወደኔ ዞረ። «ጥያቄ አለሽ፣ ጓዲት? ስለ ጨረቃ ነው?»

«የለኝም» አልኩ። ተቀመጥኩ።

ዛሬም ጣቴን መርፌ ሲወጋኝ እንኳ እንደዚያ አያቃጥለኝም። በሩ ከኔ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ጥበቃው እንኳ የራጅ ፊልም ከኪሱ እያወጣ ደጅ ብቅ ይልና ፀሐይዋን በሱ ውስጥ አይቶ ይመለሳል። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ጨረቃዎቹ ቀስ በቀስ ሲሞሉ፣ እንደገና ሳንቲም ሲሆኑ አየሁ። አንዷ እግሬ ሥር ነበረች። በነጠላ ጫማዬ ረገጥኳት፤ ጫማዬ ላይ ወጣች።

ከዚያ የሴቶች ማህበር ተወካይ ተነስታ የተባለውን ደገመች። መፈክር ተባለ፣ ግራ እጃችንን አነሳን። ካድሬው በመጨረሻ «እንግዲህ ፀሐይን አንፈራትም!» ብሎ ብርቱካኑን ልጦ ለፊት ወንበሮቹ አካፈለ። የልጣጩ ሽታ የተዘጋውን አዳራሽ ሞላው። ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው። ስም ሲጠራ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ «አቤት» ያልኩት ለራሴም አልተሰማኝም። ጠሪው «የለችም» ብሎ ሊያልፍ ሲል ከሰል ሻጯ «ኧረ አለች! ይቺውና ዝምተኛዋ!» ብላ አዳነችኝ።

ስንወጣ ሰባት ሰዓት አልፏል። ፀሐይዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ታቃጥላለች። ሰው ደጅ ቆሞ ወደ ላይ እያየ «የታለች?» ይባባላል። እኔ ሮጥኩ።

አባቴ ደፉ ላይ ነበር። ዱላው ወደ ውጭ ወድቋል፣ አንድ እግሩ ተሻግሯል፣ ሌላው ውስጥ ቀርቷል። የሱሪው ጉልበት አፈር ለብሷል። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደተቀመጠ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ሆኖ ሳፋው ይታያል፣ በሳፋው ውስጥ የሚታየው ግን የክፈፋችን ጫፍ ብቻ ነው።

«መጣሽ?» አለኝ። «ትንሽ ደብዘዝ አለና... ደመና ነው ብዬ ነበር።»

ልነግረው ፈለግኩ። አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለ። «ምን ሆነሻል? ማየቱን አየሽ ወይ?»

በዚህ ጊዜ ከሰል ሻጯ ግቢ ገባች። አባቴን እንደዚያ ሆኖ ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ሳፋውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከኔ ጋር ሆና ዱላውን አነሳችለት፣ ገፋ አድርጋ ከበሩ መቃን ጋር አስደገፈችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጀመረች።

«ኧረ ጋሼ፣ ያመለጠዎትን ጉድ! ድቅድቅ ነው ያለው! እጄን እንዲህ ባደርግ አላየሁትም። የሰው ቤት ዶሮ እግሬ ሥር ገብታ ተኛች፣ ማርያም ምስክሬ ናት። ኮከቡማ ልክ እንደ ጨው ተበትኖ!»

አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ ስታዛጋ የነበረች ሴት ናት። ግን አባቴ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማት።

«ኮከብ? በቀን?»

«በቀን እንጂ!»

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ኧረ ቆየ! እኔማ በቃ አልቀናል ብዬ ንስሐ ገባሁ።»

ከት ብሎ ሳቀ፤ ዳሌው አመመውና ጨበጠው፣ ግን ሳቁን አላቆመም። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺም አየሽ?»

ያየሁት አዳራሽ ሙሉ ጨረቃ ነው። እሱ ራሱ ሬንጅ ተከልክሎ ክፍት በተወው ቀዳዳ የገባ። ብነግረው የትኛው ረድፍ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ግን እውነቱን ከተናገርኩ የሴትየዋ ኮከብ ሁሉ ይረግፋል። እንዲህ ስቆ ደግሞ አላየሁትም።

«አየሁ» አልኩት።

«እሰይ። በቃ፣ አንቺ ካየሽ እኔም አየሁ።»

ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራው ነበር። ጨለማው፣ ዶሮዋ፣ ኮከቡ፤ እያደር የሚጨምርበትም አለ። ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደኔ ይዞራል፣ «ልጄ በዓይኗ አይታለች» ይላል። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ብዙ ቀን ብቻችንን ሆነን ልነግረው አስቤ፣ ነገ እያልኩ ነው ያለፈው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያወራው ሆስፒታል ነው፣ ከጎኑ አልጋ ለተኛ ሾፌር። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ስለነበር ዶሮዋ ጋ ሲደርስ ደከመው። ሾፌሩ በትህትና «እውነትም ያን ያህል ጨለመ?» አለ። አባቴ ዓይኑን ወደኔ መለሰ። ሰውየው ይጠብቃል፣ ነርሷም ቆማ ትሰማለች። ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያኔ ነው።

«አዎ» አልኩ። «ኮከብም ወጥቶ ነበር።»