በጾም ያልተዋጠው ክኒን

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም፣ ከምኵራብ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ቀኝ ጎኗንና ንግግሯን አጥታ ከመኝታዋ ላይ ተገኘች። የደም ግፊት ክኒኗን ጾሙ ከገባ ጀምሮ አልዋጠችም ነበር። ለምን እንዳልዋጠች ከእርሷ ሌላ ሊያውቁ የሚችሉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የንስሐ አባቷ ናቸው። እርሷ መናገር አትችልም። እሳቸው መናገር አይፈልጉም። የመጀመሪያው በሽታ ነው፤ በደሉ ሁለተኛው ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። እናቴ የምትኖረው መሬቱን ከሚያርሰው ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። እኔ ባሕር ዳር የመድኃኒት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የዶክትሬት ሥራዬም በደም ግፊት መድኃኒቶች ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ለመታወቅ አይደለም፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ያስፈልጋል።

ወንድሜ በዚያ ጠዋት ሲደውልልኝ ለበሽታው አስቀድሞ ስም አውጥቶለት ነበር።

«እማን ምች መትቷታል» አለኝ። «ዳማከሴ አሽተን ቀብተናታል።»

«ፊቷ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል?»

«ተጣሟል። ምች አይደል እንዴ የሚያጣምመው።»

«እጅሽን አንሺ በላት።»

«ብያት ነበር። ግራውን ታነሣለች። ቀኙን እኔ ሳነሣላት ይወድቃል።»

«ማታ ስትተኛ ደኅና ነበረች?»

«ደኅና ነበረች እንጂ። ስለ ላሚቱ ስትነዘንዘኝ ነው ያመሸችው።»

ከዚህ በኋላ መጠየቅ የሚገባኝ ነገር አልቀረም። የአንጎልን ደም ሥር የዘጋ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በሽታው ሰውን ተኝቶ ሳለ ካገኘው ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ደኅና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ነው። እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆና የታየችው ስለ ላሚቱ ስትነዘንዝ ነው። የአዳዲስ ጥናቶች ውጤት እንዲህ ያለውንም ታማሚ አንዳንዴ ማከም እንደሚቻል ያሳያል፤ የአንጎሉ ክፍል ገና እንዳልሞተ በልዩ ምስል ከተረጋገጠ። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ። የዚያ ዓይነት ምስል ግን በቃሬዛ ከሚወረድበት ዳገት በታች አይገኝም።

በቃሬዛ አወረዷት። ከዚያ በመኪና፣ በወረታና በሐሙሲት በኩል፣ ባሕር ዳር አደረሷት። በሲቲ ስካን የታየው የረጋ ደም እንጂ የፈሰሰ ደም አልነበረም። ሐኪሙ ለሥራ ባልደረባ በሚነገርበት ድምፅ «ዘግይቷል» አለኝ። ከስልኩ ጀምሬ የማውቀውን ነገረኝ። አመሰገንሁት።

ክኒኖቹን ያገኘኋቸው በኋላ፣ ልብሷን ለመውሰድ ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ ነው። ጧፏን በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጧፉ ሥር ተቀምጠዋል። እስከ ቅበላ ድረስ ያለው በሥርዓት ተውጧል። ከቅበላ ወዲህ ያለው አንድም አልተነካም። ማንም ሰው ቢያየው የሚያነብበው ነገር ነበር፤ ማንም አላየውም።

የግፊት ክኒኗን የሰጧት ባለሙያዎች «ጠዋት ጠዋት ዋጪ» ብለዋታል። እናቴ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም። ሁለቱ አይገጥሙም። ሊገጥሙ የሚችሉበት መንገድ ግን ቀላል ነበር፤ የግፊት ክኒን ጠዋት ቢዋጥ ማታ ቢዋጥ ከስትሮክ በመጠበቅ ረገድ ልዩነት እንደሌለው በቅርብ ዓመታት የተደረገ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከእንጀራው ጋር፣ መዋጥ ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አልጠየቀችኝም። በስልክ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ እናወራለን፤ ጾምን የሚነካ ጥያቄ ግን በአገራችን ለልጅ አይቀርብም። ልጅቱ የቱንም ያህል ብትማር የሚቀርበው ለንስሐ አባት ነው።

ንግግሯ አልተመለሰም። አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትሰናከል ትደግማለች፤ ማንኪያ ሲያሳዩዋት ግን ስሙን ማለት አትችልም። ይህ ለሙያው እንግዳ አይደለም፤ በልማድ የተጠና ቃል የሚቀመጠው ሰው አስቦ ከሚናገረው ቃል ጋር አይደለም። ከጸሎቱ ሌላ የቀራት ቃል «አዎ» ብቻ ነው።

«እማ፣ ክኒኑን አባ ናቸው የከለከሉሽ?» አልኋት።

«አዎ።»

«አልከለከሉሽም?»

«አዎ።»

«አልጠየቅሻቸውም?»

«አዎ» አለች፤ ዐይኗን ከዐይኔ ሳትነቅል። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋትም።

ሆስፒታል ሳለች መድኃኒቱ በአፍንጫዋ በገባው ቱቦ ይሰጣት ስለነበር ፈቃዷ አልተጠየቀም። ከፋሲካ በኋላ፣ ጾም በሌለበት ወራት፣ ቤቷ ተመልሳ ሁሉንም ያለ ችግር ዋጠች። የግፊቱን፣ የደም ስብ የሚቀንሰውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን። ጎረቤቶች ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይወስዷት ብለው መከሩ፤ አልተቃወምሁም፤ ፍል ውኃ ክኒን አያስተፋም። ጾመ ሐዋርያት በገባ ዕለት ግን አፏን ዘጋች። ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርሁት፤ ዘጋች። ወደ ማታ አዛወርሁት፤ ዘጋች። የወንድሜ ሚስት በሽሮ ፍትፍት ውስጥ ሸሽጋ አጎረሰቻት። እናቴ ፍትፍቱን ውጣ፣ ክኒኑን በግራ እጇ ከአፏ አውጥታ፣ በትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«አየሽ» አለ ወንድሜ። «ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደመልቀም ነው። እጇ አልሰነፈም።»

«ሳቅህን አቆይልኝ።»

«አንቺም እኮ ዶክተር ነሽ ይሉሻል። ክኒን ማስዋጥ ያልቻለ ዶክተር ምን ይባላል?»

«የመጽሐፍ ዶክተር» አለች ሚስቱ ትሪውን እያነሣች። ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። መንደሩ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የውኃና የሰዓት አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ማታ በዋጠችው ነበር። በጾም መድኃኒት እንዳትወስድ ያሰራት አንድ ነገር አለ። ክልከላ ሊሆን ይችላል፤ የራሷ ስለት ሊሆን ይችላል፤ ማንም ያላላትን ብቻዋን የደነገገችው ሊሆን ይችላል። ሦስቱ የተለያየ መፍቻ አላቸው፤ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አንዱንም መጠቀም አልችልም። አንድ ጊዜ በስትሮክ የተመታ ሰው ዳግመኛ የመመታቱ ዕድል ከሌላው ሰው እጅግ የበዛ ነው፤ ዳግመኛውም አብዛኛውን ጊዜ የቀረውን ይወስዳል። ይህን ዕድል በመቀነስ ረገድ በጥናት ከተረጋገጡት ነገሮች ሁሉ ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ያ በትሪው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ክኒን ነው።

ወደ ንስሐ አባቷ የሄድሁት ከቅዳሴ በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዋርካው ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

«እናትሽ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«በጾም መድኃኒት አትወስድም። አባ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ስለ ክኒኑ ጠይቃዎት ነበር?»

«ልጄ፣ በንስሐ የተነገረ ነገር አይወጣም።»

«በንስሐ ነው የተነገረው ማለትዎ ነው?»

ፈገግ አሉ። «የተማረ ሰው ክሩን ይዞ ጨርቁን ያወጣል። አላልሁም። አንቺስ የታማሚሽን ምስጢር ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

«ለእርስዎ አልነግርም። ለሚያክመው ሐኪም ግን እነግራለሁ፤ ሕክምናው እንዳይቋረጥ።»

«እኔ የሥጋ ሐኪም አይደለሁም።»

«ሥጋዋ ግን የእርስዎን ቃል እየጠበቀ ነው።»

በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ ብዬ በዐውደ ምሕረት ተናግሬ አውቃለሁ» አሉ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ለሰው ሁሉ የተነገረውን አይደለም የጠየቅሁዎት።»

«አውቄአለሁ» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው የሚመስል ነገር በግእዝ ተናግረው ተነሡ፤ ለቀብር የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ጭቃው ጫማዬን ያወልቀው ነበር። አልተናደድሁም። ቁጣ የሚመጣበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ነው።

አሁን ሐምሌ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ጠዋት የግፊት መለኪያውን በግራ ክንዷ ላይ አሰርሁ፤ የተነበበው ቁጥር የሚበጅ ነው፤ የሚበጀው ጾመ ሐዋርያት ከተፈታ ወዲህ እየዋጠች ስለሆነ ነው። ፍልሰታ ሲገባ አፏን ትዘጋለች። አጥብቄ ልከፍተው እችል ነበር፤ ግማሽ አካሏ አይከላከልም። አላደርገውም። ስለዚህ ይህን ለእርስዎ ጻፍሁ፤ ማንበብ የሚወዱ መሆንዎን አውቃለሁ።

አባ፣ ኃጢአቷን አልጠየቅሁዎትም። ንስሐዋንም አልፈልገውም፤ ከእርስዎ ጋር ይቅር። የምፈልገው ወቀሳም አይደለም፤ ከልክለውም ቢሆን ለማንም አልከስዎትም። ከፍልሰታ በፊት ቤታችን ድረስ መጥተው፣ እርሷ እየሰማች፣ ለዚህ ብቻ ይመልሱልኝ፦ እናቴ በጾም ክኒኗን ትዋጥ ወይስ ትተው ብላ ጠይቃዎት ነበር? ጠይቃዎት ከሆነስ ምን ብለው መለሱላት?