በልጄ ስም ያልጠየቅሁት ይቅርታ

ፖሊሶች የያዙኝ ልጄን ፈልገው ስላጡ ነው። የገባሁበት ክፍል ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነበር፤ ረፋድ ላይ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሲያርፍበት ግድግዳውን መደገፍ አይቻልም። በበሩ ስንጥቅ እየተፈራረቅን አየር እንስብ ነበር።

በእኛ ቀዬ የመስኖ ውሃ ተራ የሚያድል ሽማግሌ አለ፤ የውሃ አባት ይባላል። ቀኑ ለአባወራ፣ ሌሊቱ ባል ለሌላት ሴት ይደርሳል። አንዲት መበለት ሌሊት ሽንኩርቷን ስታጠጣ ተደፈረች። ሴቶቹ ተራቸው ወደ ቀን እንዲዛወር ለመኑ፤ ሰሚ አጡ። ልጄ አስተባበረቻቸውና በጠራራ ፀሐይ ቦዩን ወደ ማሳቸው መለሱት። ሕዝብ ማሳመፅ ተባለ።

አንድ ቀን የውሃ አባት ሊጠይቁኝ መጡ።

«አንተ ሰው፣ በልጅህ ስም ድንጋይ ተሸከምና ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቅ። ኢንሻአላህ ዛሬውኑ ትወጣለህ። ማሾህም ማሳ ላይ እየረገፈ ነው።»

«ጋሼ፣ ደንቡ ሲወጣ ከሴቶቹ ማን ነበረች?»

«ሴት ምን ልታደርግ ትመጣለች?»

«እንግዲያስ ሴቶቹ ያፈረሱት የገቡት ቃል የለም።»

«ወላሂ፣ ከልጅህ ብሰህ ተገኘህ!»

በር ጠባቂው ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የወለዷት ወይስ እሷ ናት የወለደችዎ?»

አልሳቅሁም። ልጆቼን ሕግ አክብሩ እያልኩ በአርጩሜ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የማሾዬም ነገር አንጀቴን በልቶታል።

በመጨረሻ ድንጋዩን እሸከማለሁ አልኩ፤ ወደ ግቢው አወጡኝ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፤ ድንጋዩም ተዘጋጅቷል። መበለቷ እንደ ልማዷ ምሳዬን ይዛ አጥሩ ሥር ቆማለች። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ሽማግሌዎቹን አልፌ ሄድኩና እሷ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«የቀዬው ወንዶች በድለንሻል። ይቅር በይን።»

የምሳውን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይነሱ ጋሼ። እርስዎን ይቅር ብያለሁ። የቀሩት በራሳቸው እግር ይምጡ።»

ማንም አልመጣም። እኔን ወደ ክፍሉ መለሱኝ፤ ማሾው ረገፈ። ልጄ ወሬው ሲደርሳት ራሷ ጣቢያ ገባች፤ እኔ ተለቀቅሁ።

ዛሬ በዋስ ሆና ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ሕግ ማክበርን አሁንም እመክራለሁ። ነገር ግን የሚገዛቸውን ሰዎች ሳይጠይቅ የወጣ፣ ተለምኖም የማይሻሻል ደንብ እንዲከበርለት የመጠየቅ መብት የለውም። ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

በቀጠሮዋ ቀን አብሬያት እሄዳለሁ። ስሟ ሲጠራ የምትነሳውም የምትናገረውም እሷ ናት፤ እኔ ከኋላ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ለእኔ ዓይነቱ አባት ዝም ማለት ቀላል ሥራ አይደለም።